ሸክላ ላይ የወጣው የአባቴ ጥሪ

በእኛ ተራራማ አገር ሰው የጎረቤቱን ሚስት ቢመኝ ሰባኪው እሑድ ስሙን ሳይጠራ ነካ አድርጎት ያልፋል። የጎረቤቱን የአሳማ ጥሪ የጠራ ሰው ግን ምክርም ተግሣጽም የለውም። ሌባ ነው፣ አበቃ።

ነገሩ ለከተማ ሰው አይገባውም፤ እንዲገባውም ብዙ አልደክምም። ያኔ አሳማዎቻችን አጥር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ ከዛፍ የረገፈ ፍሬ እየለቀሙ፣ ሥር እየማሱ፣ የሁሉም ቤት አሳማ ተደባልቆ ይኖራል። የሚለያቸው ጆሮአቸው ላይ የተበጣው ምልክትና የባለቤታቸው ጥሪ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው። የእኛው ከቅድመ አያታችን የመጣ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ከሆድ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ ረጅም ጩኸት፣ መጨረሻ ላይ አጫጭር ቁርጥ ቁርጥ። አባቴ ሆባርት ጀንበር ሲያዘቀዝቅ በረቱ በር ላይ ቆሞ ሲለቀው፣ የእኛዎቹ ብቻ ከመንጋው ተለይተው ቅጠሉን እያንኮሻኮሹ ይወርዳሉ። ሁልጊዜም በቆሎ ይጠብቃቸዋል። ባዶ እጁን ጠርቶ አያውቅም። ባዶ እጁን የሚጠራ ሰው በእኛ ዘንድ ሐሰተኛ ምስክር ከቆመ ሰው አይሻልም።

ጥሪውን ከአባቴ የተማረው ታላቅ ወንድሜ ቨርሊን ነው። ሴት ስለማትጠራ እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ብጠራ ኖሮ ከሁለቱም እበልጥ ነበር፣ ይህን አሁንም እላለሁ።

ቨርሊን ግን ልቡ ከአሳማ ጋር አልነበረም። ጊታሩን ይዞ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሆድ የሚያባባ ዘፈን መዝፈን ነበር የሚወደው። እናታችን ከሞተች በኋላ የሠራው አንድ ዘፈን ነበረው፤ ምድጃው ከእሷ በኋላ ያው እሳት ቢነድበትም ቤቱ አልሞቅ እንዳለ የሚናገር። እሱን ሲጀምር እኔ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞሬ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጥብ ነበር። አባቴ ደግሞ ኮፍያውን ያነሳና ውጭ የሚሠራው ነገር እንዳለ ትዝ ይለዋል። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ነበር የሚለቀሰው።

ያንን ዘፈን ይዞ ሸክላ ወደሚታተምበት ከተማ፣ ወደ ናሽቪል ሄደ። ሌድቤተር የሚባል ሸክላ አሳታሚ አገኘና መቅረጫ ክፍል አስገብቶ አዘፈነው። ሚስተር ሌድቤተር የእናታችንን ዘፈን ሲሰማ አዛጋ አሉ። የምሳ ሰዓት ደረሰና ሳንድዊች አምጣ የተባለው ሰው ጠፋ። ቨርሊን ሰውን ማሳቅ አይሰለቸውም፤ በሩን ከፍቶ የአባቴን ጥሪ በኮሪደሩ ላይ ለቀቀው። ከክፍሉ መስታወት ጀርባ ሆነው ድምፅ የሚቀርጹት ሁሉ ተንከተከቱ። ሚስተር ሌድቤተር ግን አልሳቀም። "ቆይ፣ አሁን ያደረግኸውን ድገመው፣ ማሽኑ ላይ" አለው።

ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሠሩበት። ገበሬው ትልቅ ሆቴል ገብቶ እራት ይጠብቃል፤ አሳላፊው አያየውም፤ ቢያጨበጭብ የለም፣ ቢያስል የለም፤ በመጨረሻ ተነስቶ እንደ አሳማ ሲጠራ አሳላፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳህን ይዘው ይሮጣሉ። "እራቴን አምጡልኝ" ይባላል። ዘፈን ከተባለ ማለቴ ነው።

ቨርሊን ሲዘፍነው የአባቱን ጥሪ አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን አላሰበም። ሸክላ ላይ መጥራት መጥራት አይደለም ብሎ ነው። ጫካ የለ፣ አሳማ የለ፣ በቆሎ የለ፤ ታዲያ ማንን ዋሸ? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሰማነው እትዬ ኦፓል ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሬዲዮኗን መስኮት ላይ አድርጋ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ጥሪው ሲመጣ በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

"ጋሼ ሆባርት! ልጅህ እኮ አሜሪካንን በሙሉ እንደ አሳማ ጠራት!" አለ ቤንዚን ማደያ ያለው ክላይድ፣ አባቴን ጀርባውን እየመታ።

"እሰይ! ይኼ ልጅ ከልጅነቱም አፉ ሰፊ ነው ብያችሁ አልነበር?" አለች እትዬ ኦፓል።

አባቴ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ወደ ጫካው ነበር የሚያየው። ዘፈኑ እንዳለቀ የእኛ አሳማዎች ከዛፉ መሃል ወጥተው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት መጥተው ቆሙ። አንጋጠው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ሳቁ እጥፍ ሆነ፤ ክላይድ እንባውን ይጠርግ ነበር። አባቴ ወደ ሱቁ ገባና አንድ ጆንያ በቆሎ ገዛ። አምጥቶም መንገዱ ላይ ዘረገፈላቸው። ተጠርተው ነበራ።

በዚያ ሳምንት እትዬ ኦፓል ዘንድ በቆሎ አስቀመጠ። "ዘፈኑ ሲመጣ ስጫቸው" አላት። ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ገበያ ሲበዛባት ረሳች። ክላይድ ማደያው ላይ ሬዲዮ አለው። እንጨት መሰንጠቂያው ጋም ሬዲዮ አለ። ቡና ቤቱ ውስጥ ሳንቲም የሚበላው የሙዚቃ ሣጥን አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እሱኑ ዘፈን ይመርጣል። ዘፈኑ በጋውን ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ ይለቀቅ እንደነበር እንጃ። አሳማዎቹ አንዱ ጋ ሮጠው ባዶ፣ ሌላው ጋ ሮጠው ባዶ። ከከተማ ጋዜጠኛ መጥቶ ሬዲዮ ፊት ቆመው ፎቶ አነሳቸው። ሚስተር ሌድቤተር ፎቶውን ሲያይ በደስታ አበደ አሉ። አባቴ ጆንያ ተሸክሞ ከሬዲዮ ሬዲዮ ለመዞር ሞከረ፤ አንድ ሽማግሌ ግን የአገሩን ሬዲዮ ሁሉ የውሸት ዕዳ መክፈል አይችልም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አሳማዎቹ መምጣት አቆሙ። ሬዲዮውን ብቻ አይደለም የተዉት። አባቴንም ተዉት።

ያንን መኸር እግዜር አያድርስ ነው የምለው። አባቴ በየምሽቱ በረቱ በር ላይ ይቆማል። ባልዲው በቆሎ ሞልቶ እግሩ ሥር አለ። ይጠራል፣ ይጠብቃል። ድምፁ ከማዶው ጋራ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ የሚመጣ የለም። ደግሞ ይጠራል። እኔ እራቱን አደንጓሬና የበቆሎ ዳቦ አቅርቤ በመስኮት አየዋለሁ። ሲገባ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ "ዛሬ ነፋሱ አይመችም" ይላል። ነፋስ አልነበረም። እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ እንዲህ ብቻውን ሆኖ አላየሁትም።

በዚያው ሰሞን አውራጃው ድምፅ ሰጥቶ ጫካው ተዘጋ። ከገና ሳምንት በኋላ ከሚገባው አዲስ ዓመት ጀምሮ አጥር ውስጥ ያልገባ እንስሳ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ባለቤት ነኝ ማለት የለም። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየጠሩ በረት አስገቡ። የእኛዎቹ ላዩ ጋራ ላይ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ፈለጋቸውን አያለሁ። በውሻ እናሳድዳቸው ሲሉት አባቴ እምቢ አለ። "በውሻ የመጣ አሳማ በሚቀጥለው ቀን አጥር ይጥሳል። ጠርቼ ካልመጡ የእኔ አይደሉም" አለ። ከአያቶቹ የወረሰው ነገር ቢኖር እነዚያ አሳማዎችና ያ ጥሪ ብቻ ነበሩ። የገና በዓል ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል።

እኔም እትዬ ኦፓል ሱቅ ሄጄ ቨርሊን ያለበት ሆቴል ደወልኩ።

"ኔቫ! ማን ሞተ?" አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ።

"ማንም አልሞተም። አሳማዎቹ አይመጡም።"

"የት አይመጡም?"

"ቤት ነዋ! አባዬ ይጠራል፣ አይመጡም። አንተ በየሬዲዮው ባዶ ሆዳቸውን ስታንከራትታቸው ከርመህ እንዴት ይመጣሉ? አውራጃው ደግሞ ጫካውን ዘግቷል። እስከ አዲስ ዓመት ካልገቡ ሄዱ በለው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ቨርሊን?" አልኩ።

"አለሁ። እሱ ምን አለ?"

"ነፋስ ነው ይላል።"

"ወይ አባዬ" አለ። ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። "ኔቫ፣ እዚህ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? የሱቅ ምርቃት ላይ የጭነት መኪና ላይ አቁመው ያዘፍኑኛል። የእማዬን ዘፈን ስጀምር 'ጥሪውን! ጥሪውን!' ይላሉ። እሱን ካሰማኋቸው ይሄዳሉ። ምግብ ቤት ስገባ አሳላፊዎቹ ካልጠራህልን ሳህን አናመጣም ይሉኛል፤ ቀልድ ነው እኮ፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። አሁን ክፍሌ ውስጥ ብስኩት ነው የምበላው።"

ከአሳማው ዘፈን በኋላ የዶሮ ድምፅ ያለበት ሸክላ አሳትመውለት አልተሸጠም። ቀጥሎ የበቅሎ ሠሩ፣ እሱ ጭራሽ ሬዲዮም አልደረሰ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን "ብስኩትህን ጨርስና ና" አልኩት። ርኅራኄዬ እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ምን ላድርግ።

በአውቶቡስ መጣ። ደረቱ ላይ በብር ክር አሳማ የተጠለፈበት ኮት ለብሷል፤ ሌላ ካፖርት አልነበረውም። አባቴ ኮቱን አየ፣ ፊቱን አየ።

"በልተሃል?" አለው።

"አልበላሁም።"

"ኔቫ፣ ለወንድምሽ አቅርቢለት።"

ስለ ዘፈኑ በመካከላቸው የተነገረው ይኸው ነው። እኔ ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር፤ ጭቅጭቅ ቢሆን በተሻለ። ቨርሊንም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፣ ማንኪያውን ይዞ አባቴ አንድ ነገር እንዲናገረው ሲጠብቅ አየሁት።

በማግስቱ ኮቱን አውልቆ የአባቴን አሮጌ ጃኬት ለበሰና ልመና ወጣ። ሰው ዘፈኔን አጫውቱልኝ ብሎ ይለምናል፤ ወንድሜ አታጫውቱብኝ ብሎ ለመነ። እትዬ ኦፓል አልቅሳ ሬዲዮዋን ወደ ጓዳ አስገባች። ቡና ቤቱ ሸክላውን ከሣጥኑ አወጣለት። እኔ አብሬው ነበርኩና ክላይድ ጋ የሆነውን አይቻለሁ።

"ምን ልትል ነው? ዝነኛ ስትሆን የእኛ ሬዲዮ ቀፈፈህ?" አለው ክላይድ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "እኔ እኮ መንገደኛው ሁሉ ቤንዚን ሲቀዳ 'ይሄ ልጅ የእኛ ነው' እያልኩ ነው የኖርኩት!"

"የእናንተው ነኝ፣ ክላይድ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አባዬ ጠርቶ የሚመጣለት ጠፋ። ጆሮአቸው ይረፍ። ለሁለት ወር ብቻ።"

ክላይድ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። የራሱን አሳማዎች በቀደም ለት ጠርቶ አስገብቶ ነበር። "እኔ እኮ የሳቅኩት..." አለና ተወው። ገብቶ የሬዲዮውን ሽቦ ነቀለ። "ለጋሼ ሆባርት ስል ነው፣ ለአንተ እንዳይመስልህ፣ አንተ ሰፌድ አፍ!"

የቀረው የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ቨርሊን ብቻውን ሄደ። ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

"እሺ አሉህ?" አልኩት።

"ሰውየው መልካም ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ።" ፈገግ አለ። "'ለምን ደከምክ፣ ወንድሜ፣ ያንን ዘፈን ካጫወትነው ቆየ፣ አሁን የሚጠይቀውም የለም' አለኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝናው ያበቃው ያን ዕለት መሆኑ ነው፤ አንድ ጫማ አውልቆ፣ አንዱን አጥልቆ፣ በእኔ ፊት።

አገሩ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ አባትና ልጅ በረቱ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይጠራሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ቨርሊን ባልዲውን ይዞ በቆሎውን ያንኳኳል። ከመጣ ወዲህ ከአባቴ ጋር ሲቆም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው፤ ያንን ሰዓት ሲጠብቅ ይውል ነበር። ምሳ ላይ "ዛሬ ይመጣሉ" ይለኛል። አሳማዎቹ ከመጡ ነገሩ ሁሉ እንደሚስተካከል፣ አባቴም እንደ ድሮው እንደሚያየው አምኗል። እኔም አምኜ ነበር።

የገና በዓል ሳምንት ሲቀረው አንድ ምሽት ከዛፎቹ ሥር ብቅ አሉ። ትንፋሼን ይዤ በመስኮት አያለሁ። አባቴ ጠራ፤ ጥቂት እርምጃ ወረዱ። ቨርሊን ተቀበለ፤ ድምፁ ገና ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር መላው መንጋ ዞሮ ወደ ጋራው ተፈተለከ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ደጋግሞ እየጠራ እስከ ምንጩ ድረስ አወረዳቸው፤ ቨርሊን በደስታ አንዴ ሲለቀው በረሩ።

ለእኛ ጆሮ የሁለቱ ጥሪ አንድ ነው። እነሱ ግን በጋውን ሙሉ የዋሻቸው የማን ድምፅ እንደሆነ ለይተውታል።

አባቴ ያን ምሽት ሲገባ ስለ ነፋስ አላወራም። እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ። ያወቀውን ደግሞ ልጁ ፊት መናገር አልሆነለትም፤ ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር አመሸ። በማግስቱ ባልዲውን ራሱ አነሳ።

"ልጄ፣ ዛሬ አንተ ከእህትህ ጋር ቤት ሁን" አለው።

እኔ በዕድሜዬ አባቴ ቨርሊንን "ልጄ" ሲለው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ድምፄ ነው አይደል?" አለ ቨርሊን።

"ድምፅህ ጥሩ ነው" አለ አባቴ። "ድሮም ጥሩ ነበር። አውቀውታል እንጂ።"

"ዝም ብዬ ከአጠገብህ ብቆምስ? አልጠራም። ባልዲውን ብቻ ልያዝልህ።"

አባቴ በሩን ይዞ ቆመ። እሺ ሊለው እንደፈለገ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። "ድንገት ካስነጠሰህስ? ትስቅ ይሆናል፤ አንተ መሳቅ ታበዛለህ" አለውና ቀስ ብሎ ወጣ።

ቨርሊን መስኮቱን ዘጋ። ወጥ ቤት ውስጥ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጥሪው መጣ፣ የአባቴ ብቻ፤ ሲያልቅ የሚቀበለው የለም። ቨርሊን አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። አባቴ ደገመው። ከዚያ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ በኋላ ጋራው በሙሉ የሚወርድ እስኪመስል።

"መጡ?" አለኝ በሹክሹክታ። ራሱ ተነስቶ ማየት አልፈለገም።

ተነስቼ በመስታወቱ አየሁ። እናቲቱ አሳማ ከፊት፣ ሌሎቹ ተከትለዋት፣ አባቴ እጁን ዘርግቶ በመሃላቸው ቆሟል። ፊቱ በርቷል።

"መጡ፣ ቨርሊን። ሁሉም መጡ።"

"ጎሽ!" አለ፣ ከልቡ ደስ ብሎት፣ እንደ ልጅ። ወዲያው ደነገጠና አፉን በእጁ ያዘ።

እኔ አሳማ በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት ጠልቼ አላውቅም። ሮጬ ወጥቼ ሁሉንም ወደ ጫካቸው ባባርራቸው ደስታዬ ነበር። አልወጣሁም። አባቴ ውጭ አንድ በአንድ እያስገባ በለሰለሰ ድምፅ ያናግራቸዋል፤ ቃሉ አይሰማም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የበረቱ በር እስኪቀረቀር ድረስ ቨርሊን እጁን ከአፉ ላይ አላነሳም።